እጅና ትንፋሽ

ሰው ሲታመም ሁለት ዓይነት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ አንደኛው የሚያክመው ነው፥ ሁለተኛው የሚያስታምመው ነው። ሁለቱም ሥራ የሚሠራው በአንድ አልጋ አጠገብ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ሥራ አይደለም። ማከም ከበሽታው ጋር መታገል ነው፤ ማስታመም ግን ከበሽተኛው ጋር መሰንበት ነው። በሽታውን አይቶ በሽተኛውን የዘነጋ ሰው፥ ቤቱን ከእሳት አድኖ ባለቤቱን በጭስ እንዳፈነ ይቈጠራል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚወቀሰው እኔ ነኝና፥ የራሴን ጥፋት በፊት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ አጎቴ በሳንባ ምች ታመመ። ሕመሙ እየጸና ስለ ሄደ ከሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቡት። በጕሮሮው ቧንቧ አልፎ ከመተንፈሻ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ዐይኑ ተከድኗል፤ እጁም በአልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ አይንቀሳቀስም። በአራተኛው ቀን እኔና የአክስቴ ልጅ ልንጠይቀው ገባን። ጥቂት ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ በኋላ ግን በአልጋው ግርጌ እንደ ቆምን፥ የት እንደሚቀበር መነጋገር ጀመርን። እርሱ «አገር ቤት ይወሰድ» አለ፤ እኔም የመኪናው ኪራይ ስንት እንደሚሆንና እድሩ ምን ያህል እንደሚረዳ እያሰብሁ «እዚሁ ከተማ ይሻላል» አልሁ። ድምፃችንንም ዝቅ አላደረግንም።

አጠገባችን አንዲት ወጣት ነርስ የግሉኮሱን ከረጢት እያስተካከለች ነበር። ሥራዋን ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «ጋሼ፥ እባክዎ ይህን ነገር ከውጭ ሆናችሁ ተነጋገሩት። አባባ ይሰማሉ» አለችኝ።

እኔም ተቈጣሁ። «ዐይናቸውን እንኳ ያልገለጡ ሰው እንዴት ይሰማሉ?» አልኋት። እርሷ አልተከራከረችኝም። ወደ አጎቴ ጆሮ ጐንበስ ብላ፥ «አባባ፥ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አሁን ጧት ነው። ልጅዎ ሊጠይቁዎ መጥተዋል። አሁን በግራ ጎንዎ ላዞርዎ ነውና አይፍሩ» አለችው። ካዞረችውም በኋላ እጄን ይዛ ከእጁ ላይ አኖረችው። የአጎቴ እጅ ሞቃት ነበር። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልነካሁትም ነበር።

አጎቴ ዳነ። ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ተመልሶ፥ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ አስጠራኝና፥ «ልጄ፥ እኔን አገር ቤት ከእናቴ አጠገብ ቅበሩኝ። የመኪናው ኪራይ ካስጨነቃችሁ ግን እዚሁ ይሁን» አለኝ። ይህን ሲል እርሱ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልቤ ቀረ። ያቺ ነርስ፥ ዐይኑ የተከደነ ሰው እንደሚሰማ ከየት ዐወቀች? ርኅሩኅ ስለ ሆነች ብቻ ነውን? ወይስ የተማረችው ነገር አለ? ይህን ለማወቅ ስመረምር፥ ርኅራኄዋ ረጅም ታሪክ ያለው ዕውቀትም መሆኑን ተረዳሁ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ያገኘሁትን ባጭሩ ላጫውትህ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ማስታመም ታሪክ የሚናገር ሁሉ የሚጀምረው ከእንግሊዛዊቷ ከፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ይህች ሴት በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ 38 ሴቶች አስከትላ፥ በቱርክ አገር በእስኩታሪ ወደነበረው የጦር ሆስፒታል ሄደች። በዚያ ሆስፒታል ወታደሩን ከቍስል ይልቅ ይገድለው የነበረው ተስቦ፥ ተቅማጥና ኮሌራ ነበረ። በ1855 የመጡት የጤና መርማሪዎች የቈሻሻውን መውረጃ ካስጠረጉና ንጹሕ አየር እንዲገባ ካደረጉ በኋላ የሟቹ ቍጥር እጅግ ቀነሰ። ናይቲንጌልም ይህን ሁሉ በቍጥር መዝግባ፥ ተመልካች ሁሉ እንዲገባው በሥዕል አድርጋ ለመንግሥቷ አቀረበች። እንግዲህ ሰዎች የምናስባት ፋኖስ ይዛ በሌሊት ስትዞር ነው፤ እርሷ ግን ከፋኖሱ ጋር መዝገብም ይዛ ነበር። የማስታመም ምርመራ የሚባለው ዕውቀት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ይኸውም ማዘን ብቻ አይበቃም፥ ያዘኑለትን ነገር መቍጠርና መመርመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ1860 በለንደን ከተማ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። ስለ ማስታመም በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥም፥ አላስፈላጊ ጩኸት በሽተኛን እንደሚጐዳ፥ በተለይም ከበሽተኛው ክፍል በር አጠገብ ቆሞ ስለ እርሱ መንሾካሾክ ክፉ ነገር እንደ ሆነ አስጠንቅቃለች። ይህን ሳነብ የአልጋው ግርጌ ትዝ አለኝ። እኔ እንኳ አልተንሾካሾክሁም ነበር፤ በግልጽ ድምፅ ነበር የተናገርሁት።

ይህ ሙያ ወደ አገራችን ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱም በለንደን በኩል ያለፈ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው በ1939 ተመረቁ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆነው ሳሉ የታመመ ሕፃን ማጠብንና ማንጠፍን እንደ ክብር ቈጠሩት። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 በነቀምቴ በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ በመታሰቢያቸው የተሠራውም ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። አጎቴን ያስታመመችው ወጣት ነርስ፥ ብታውቀውም ባታውቀውም፥ የእነዚህ ሰዎች ወራሽ ናት።

አሁን ደግሞ የጽኑ ሕሙማን ክፍል እንዴት እንደ ተወለደ እንመልከት። ይህ ታሪክ የተፈጸመው በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በ1952 ነው።

በዚያ ዓመት በበጋቸው ወራት የልጅነት ልምሻ፥ ማለት ፖሊዮ፥ በከተማይቱ ተነሣ። በሽታው በብርቱ የያዘው ልጅ እግሩ ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻው ጡንቻና የመዋጫው ጕሮሮ ጭምር ይሰንፋል፤ ልቡ እየመታ፥ አእምሮው እያወቀ፥ አየር ዐጥቶ ይሞታል። ብለግዳም የሚባለው የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል በሽተኞች በየቀኑ ይጐርፉበት ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ የገቡት ሰዎች 2,700 ያህል ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑት ለመተንፈስ ወይም ለመዋጥ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ሆስፒታሉ ግን የነበረው መሣሪያ አንድ «የብረት ሳንባ» የሚባል ትልቅ በርሜልና ደረትን የሚያለብሱ ስድስት ትንንሽ መሣሪያዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ፕሮፌሰር ላሰን ተጨንቀው ሳሉ፥ ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም እንዲጠራ ምክር መጣላቸው። በዚያ ዘመን የማደንዘዣ ሐኪም ሥራው ከቀዶ ጥገና ክፍል አይወጣም ነበር። ኢብሰን ግን የሟቾቹን ሳንባ ሁኔታ ከመረመረ በኋላ፥ እነዚህ ልጆች የሚሞቱት ሳንባቸው ስለ ተበላሸ ሳይሆን በቂ አየር ስለማይገባላቸውና የተቃጠለው አየር በደማቸው ውስጥ ስለሚከማች ነው አለ። እንግዲያስ በቀዶ ጥገና ጊዜ እንደሚደረገው በእጅ ቢተነፈስላቸውስ?

ነሐሴ 27 ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር፥ ለመሞት የተቃረበች የ12 ዓመት ልጅ ቀረበችለት። ከአንገቷ በታች የአየር ቧንቧዋ ተበስቶ ትንሽ ቱቦ ገባላት፤ ከቱቦው ጋርም የጎማ ከረጢት ተያያዘ። ልጅቱ ግን ታገለች፤ ሳንባዋ አየሩን አልቀበልም አለ። ለማየት የተሰበሰቡትም ሐኪሞች ተስፋ ቈርጠው መውጣት ጀመሩ። በዚህ ጊዜ ኢብሰን የማደንዘዣ መድኃኒት ሰጣት፤ ትግሏን ስታቆም ከረጢቱን በእጁ ጨምቆ አየር አስገባላት። ሞት ያንዣበበባት ልጅ ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች። ከዚያም ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረች።

መንገዱ ተገኘ፤ ነገር ግን ከረጢቱን ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚጨምቅ እጅ ያስፈልግ ነበር። ማሽን አልነበረም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ እነዚህ በአንተ ዕድሜ ያሉ ልጆች ነበሩ። 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ፥ በአንድ ጊዜ እስከ 70 ለሚደርሱ በሽተኞች በእጃቸው ተነፈሱላቸው፤ የሠሩትም ሰዓት ሲደመር 165,000 ያህል ሆነ። ከብርቱዎቹ በሽተኞች ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ይሞቱ የነበረው በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ።

እኔን ከቍጥሩ ይልቅ የገረመኝ ግን የአልጋው አጠገብ ኑሮ ነው። ከረጢቱን የሚጨምቀው ተማሪ ለስድስትና ለስምንት ሰዓት ከአንድ ልጅ ጐን ይቀመጣል። ያ ልጅ ቱቦ ስላለበት መናገር አይችልም፤ ነገር ግን ሁሉን ያያል፥ ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ እጁ ከረጢቱን እየጨመቀ መጽሐፍ ያነብለታል፤ ያጫውተዋል፤ ከፊቱና ከከንፈሩ ሁኔታ የሚፈልገውን ይረዳለታል። ትንፋሹ ቢፈጥንበት ወይም ቢያንሰው ከዐይኑ ያውቅለታል። ልጁ ሲሞት ደግሞ ተማሪው እጁ ከከረጢቱ ላይ ሳለ ያያል፤ ይህንንም ኀዘን እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ተሸክመውት የኖሩ አሉ። እንግዲህ በዚያ አልጋ ማከምና ማስታመም በአንድ ሰው እጅ ላይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው።

በሚከተለው ዓመት በ1953 መጨረሻ ኢብሰን በኮፐንሃገን የማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል ውስጥ ለጽኑ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቋመ። ብዙዎች ከዓለም የመጀመሪያው ነው ይሉታል። ሐሳቡ በየአገሩ ተሰራጨ፤ እጁን የሚተካ ማሽንም ተሠራ። ማሽኑ አይደክምም፥ አይተኛም፥ እንደ ተማሪው ዕረፍት አይፈልግም። ለብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ምክንያት የሆነ ታላቅ ሥራ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን ማሽኑ ሲገባ ያ ተማሪ ከወንበሩ ተነሣ። ወንበሩም ባዶ ቀረ። ከተማሪው ጋር የሄደው የሚጨምቀው እጅ ብቻ አልነበረም፤ የሚያነበው ድምፅና የሚያየውም ዐይን አብሮ ሄደ። ይህን ጕድለት ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀ።

በዚያ ዘመን በየሆስፒታሉ በሩ ለዘመድ ይዘጋ ነበር። ኮፐንሃገን በልምሻው በተጨነቀችበት በዚያው በ1952 ዓመት፥ ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው በለንደን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ ለቀላል ቀዶ ጥገና ስምንት ቀን ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ስትለይ ምን እንደምትሆን የሚያሳይ ነው። አብዛኞቹ ተመልካች ሐኪሞችና ነርሶች ተቈጡ፤ «ሙያችንን ሰደብኸው» አሉት። ሕፃኑ በጥቂት ቀን ዝም ስለሚል ተላመደ ብለው ያምኑ ነበርና። ሮበርትሰን ግን ያ ዝምታ መላመድ ሳይሆን ተስፋ መቍረጥ መሆኑን አስረዳ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1959 የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ፥ ወላጆች የታመመ ልጃቸውን በፈለጉት ጊዜ እንዲጠይቁ መከረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል። እነዚያ ሐኪሞችና ነርሶች ክፉዎች ነበሩን? አልነበሩም። ታዲያ ደግ ሰው እንዴት እንዲህ ይደነድናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠችው ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል መርማሪ ናት። በ1960 ባወጣችው ጽሑፍ በአንድ የለንደን ትልቅ ሆስፒታል ያሉት ነርሶች እንዴት እንደሚሠሩ ገለጠች። አንዲት ነርስ አንድን በሽተኛ ሙሉ በሙሉ አትይዝም፤ ሥራው ተከፋፍሎ አንዷ ለሁሉም ሙቀት ትለካለች፥ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ታነጥፋለች። በሽተኛውንም በስሙ ሳይሆን በአልጋው ቍጥር ወይም በታመመው የሰውነቱ ክፍል ይጠሩታል። ሜንዚስ ይህ ልማድ ከክፋት የመጣ አይደለም፥ ከጭንቀት እንጂ፥ አለች። በየቀኑ ሥቃይና ሞት የምታይ ወጣት ልጅ፥ ልቧ እንዳይሰበር በእርሷና በበሽተኛው መካከል ግድግዳ ይሠራላታል። ነገር ግን ግድግዳው ጭንቀቱን አያጠፋውም፤ ከሠሩት ሥራ የሚገኘውንም ደስታ ይከለክላል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሥራውን ትተው ይሄዱ ነበር።

ይህን ሳነብ ራሴን ዐወቅሁት። እኔ በአጎቴ አልጋ ግርጌ ስለ መኪና ኪራይ የተናገርሁት ስለማልወደው አልነበረም፤ ስለ ፈራሁ ነበር። ያሳደገኝን ሰው በዚያ ሁኔታ ማየት ስላቃተኝ፥ ገና በሕይወት ሳለ ሬሳ አደረግሁት። ስለ ሬሳ መነጋገር ይቀላልና። የሰውን ክብር የሚያሳጣው ሁልጊዜ ጭካኔ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱም ተግሣጽ ብቻ አይሆንም፤ የፈራውን ሰው እጅ ይዞ ወደ አልጋው ማቅረብ ነው። ያቺ ነርስ ያደረገችልኝ ይህን ነው።

ከዚያ ወዲህ ነርሶች ራሳቸው መርማሪዎች ሆኑ። በ1979 ናንሲ ሞልተር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ ሰዎችን 40 ዘመዶች፥ ምን እንደሚያስፈልጋቸው 45 ነገሮች ዘርዝራ ጠየቀቻቸው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ያሉት ተስፋ እንዳለ መሰማት ነበር፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ለበሽተኛቸው የሚያስቡለት መሆኑን ማወቅም ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጠ። ልብ አድርግ፤ ዘመድ በኮሪደር ቆሞ የሚለምነው በመጀመሪያ ደረጃ ምቹ ወንበር ወይም ምግብ አይደለም። «ሰው ነው፤ እንደ ሰው ያዙልኝ» ነው የሚለው።

ስለ በሽተኛው አእምሮም ምርመራው ቀጠለ። በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ሥቃዩ እንዳይሰማው ተብሎ ለብዙ ቀን በማስተኛ መድኃኒት ይደነዝዝ ነበር። ተኝቷል ሲባል ግን ብዙ ጊዜ በቅዠት ውስጥ ነው፤ ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ያዩት ሰዎች ሲናገሩ፥ የሚያስታምማቸው ሰው ሊገድላቸው የመጣ፥ የታሰረው እጃቸውም የወኅኒ ሰንሰለት ይመስላቸዋል። በ2004 ዌስሊ ኢሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት፥ በመተንፈሻ መሣሪያ ከታገዙ 224 ሰዎች 183ቱ ይህ ቅዠት ደርሶባቸዋል፤ በስድስት ወር ውስጥ የመሞት አደጋቸውም ቅዠቱ ካልያዛቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ቅዠቱ ብቻውን ገደላቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ እንዳልሆነ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ የሚመከረው አሠራር ለሽማግሌ እናት የሚደረገውን ደግነት ይመስላል፤ መድኃኒቱን መቀነስ፥ መነጽሩን ለዐይኑ መመለስ፥ ቀኑን መንገር፥ ሌሊት መብራትና ጩኸት መቀነስ፥ እንደ ቻለ ከአልጋው ማስነሣት፥ ዘመዱንም ማስገባት። «አባባ፥ ዛሬ ሐሙስ ነው» ማለት ለካ ሕክምና ነበር!

ታሪኩ ወደ ዴንማርክ እንደ ገና ይመለሳል። በ2010 በኦደንሰ ከተማ ያሉ ሐኪሞች በመሣሪያ የሚተነፍሱ 140 በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው፥ ለአንደኛው ወገን የማስተኛ መድኃኒት ሳይሰጡ የሥቃይ ማስታገሻ ብቻ ሰጡ። ያልተኙት በሽተኞች ከመሣሪያው ቶሎ ተላቀቁ። ነገር ግን ነቅቶ በቱቦ የሚተነፍስ ሰው ይጨነቃልና፥ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያጽናናው ተጨማሪ ሰው አስፈለገ። ከ58 ዓመት በኋላ ባዶው ወንበር እንደ ገና ሰው ተቀመጠበት ማለት ነው። በ2020 የወጣው 700 ሰዎች ያሉበት ሰፊ ጥናት ግን፥ ይህ አሠራር በቀላሉ ከማስተኛት ይልቅ የሟቹን ቍጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። እውነትን የሚወድ ሰው ይህንንም ሊናገር ይገባዋል። ሰው ነቅቶ መታከም መቻሉን ግን ሁለቱም ጥናቶች አሳይተዋል።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ። በአውሮፓ አንዳንድ ሆስፒታሎች ነርሶቹና ዘመዶቹ ለተኛው ሰው የቀን መዝገብ ይጽፉለታል፤ «ዛሬ ትኵሳትህ በረደ፤ ልጅህ መጥታ አበባ አሳየችህ፤ ውጭ ይዘንባል» እያሉ። ሰውየው ሲነቃ በቅዠት የጠፉበትን ቀኖች ከመዝገቡ ያገኛቸዋል። በ2010 በስድስት አገሮች 352 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፥ መዝገቡን ከተቀበሉት መካከል በኋላ በጭንቀት በሽታ የተያዙት ከመቶ 5፥ ካልተቀበሉት ከመቶ 13 መሆናቸውን ገለጠ። በ2019 በፈረንሳይ የተደረገው ጥናት ግን ይህን ያህል ጥቅም አላገኘም። እንደ እኔ አስተያየት፥ አንድ ደግ ነገር በጥናት ሁሉ ባይረታም፥ ጕዳት እስከሌለው ድረስ ደግ መሆኑ አይቀርም። ጥናት የሚያስፈልገን ደግ ለመሆን ፈቃድ ለማግኘት ሳይሆን ደግነታችንን በትክክል ለመሥራት ነው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ፈተና ግን ገና አላለቀም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በብዙ አገሮች በሩ እንደ ገና ተዘጋ። ብዙዎች ዘመዳቸውን ሳይሰናበቱ ሞቱ። ነርሶች ግን እንደ ገመድ የተዘረጋ ሰው ሆኑ፤ ፊታቸውን ሸፍነው በአንድ እጃቸው የበሽተኛውን እጅ ይዘው በሌላው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጉለት፤ ልጆቹም ከሩቅ ሆነው ድምፃቸውን አሰሙት። አደጋው በሩን ዘጋ፤ ያስታማሚው እጅ ግን ቀዳዳ ፈለገ።

«ይህ ሁሉ ብዙ ነርስ ላለው አገር ነው፤ አንዲት ነርስ ብዙ በሽተኛ በምትይዝበት ቦታ እንዴት ይሆናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። የደከመችን ነርስ «ለምን አልሣቅሽም» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው፤ ርኅራኄ ሰው፥ ጊዜና ዕረፍት ይፈልጋልና፥ ይህን ማዘጋጀት የአለቆች ግዴታ ነው። ቢሆንም በስም መጥራት ገንዘብ አያስወጣም። ከመንካት በፊት «ልነካዎ ነው» ማለት የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። እኛ ዘመዶችም ሸክም ብቻ መሆናችን ቀርቶ፥ ከተፈቀደልን፥ በዚያ ባዶ ወንበር ላይ መቀመጥ እንችላለን።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምትይዘው ይህ ይሁን። በጽኑ ሕመም የተያዘ ዘመድ ልትጠይቅ ስትገባ በአልጋው ግርጌ አትቁም፤ ነርሷን አስፈቅደህ እጅህን ታጥበህ ወደ ራስጌው ቅረብ። በስሙ ጥራው፤ አንተ ማን እንደ ሆንህ ንገረው፤ ቀኑን ንገረው። ነቅቶ ቢሆን የማትናገረውን ነገር ተኝቷል ብለህ አትናገር። ምናልባት በእውነት አይሰማ ይሆናል፤ ለማይሰማ ሰው በአክብሮት በመናገርህ የሚጐድልብህ የለም። ይሰማ እንደ ሆነ ግን፥ የተናገርኸው ቃል በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚይዘው ገመድ ይሆንለታል። ነርስ ወይም ሐኪም ለመሆን የታሰብህ እንደ ሆነ ደግሞ፥ መሣሪያውን በሚገባ ተማር፤ በማሽኑ ጐን ያለው ወንበር ግን ባዶ እንዳይሆን ጠብቅ። ስትፈራም ፍርሃትህን ለባልደረባህ ንገረው እንጂ በበሽተኛው ላይ ግድግዳ አታድርገው።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖሮ ዐረፈ። ያን ጊዜ በቤቱ ነበር። መጨረሻው ሲቀርብ በራስጌው ተቀምጬ፥ እጁን በእጄ ይዤ፥ ቀኑን ነገርሁት፤ ማን ማን እንደ መጣ ነገርሁት፤ ከእናቱ አጠገብ እንደምናሳርፈውና ስለ መኪናው እንዳያስብ ነገርሁት። ዐይኑ ተከድኖ ነበር። እኔ ግን ይሰማል ብዬ ነበር የተናገርሁት።